አስከሬን ባይመጣም ድንኳኑ ይተከል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ሮም የምትኖረው ልጄ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። በእረፍት ቀኗ ድሮ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ወደነበረው ሙዚየም ወሰደችኝ። አዎ፣ ያ ክርስቲያኖችን ያስፈጀው ንጉሥ። እዚያ ከአንድ የእብነ በረድ ጽሑፍ ፊት ቆምን። ልጄ ምን እንደሚል ስትነግረኝ "ይሄማ የእድር ደንብ ነው!" አልኳት። ማታ ሙሉውን ከስልኳ ላይ እየተረጎመችልኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከሮም በስተደቡብ ላኑቪዮ የምትባል ከተማ አለች። ጽሑፉ የዚያ አገር የቀብር ማኅበር ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ136። ባሮችም አባል ነበሩ። መግቢያው 100 ሴስተርስ ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ነው። ወርሃዊ መዋጮ አለ። አባል ሲሞት 300 ሴስተርስ ይወጣል። ከዚያ ላይ 50ው አስከሬኑ የሚቃጠልበት ቦታ ላይ ለቀብርተኛው ይከፋፈላል። እኛ የቀረውን እንቀጣለን፣ እነሱ ለመጣው ይከፍሉ ነበር። ማኅበርተኛውን የሰደበም 12 ሴስተርስ ይቀጣል። ይህቺን እንኳ ለእኛም ብትሆን እወዳለሁ።

እንቅልፍ የነሱኝ ግን ሁለት አንቀጾች ናቸው። አባሉ ከከተማው ከ20 ማይል በላይ ርቆ ቢሞትና ወሬው ከደረሰ፣ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ይሄዳሉ። የመንገድ ይሰጣቸዋል፣ ይቀብሩታል፣ ሲመለሱ ሒሳብ ያወራርዳሉ። ሁለተኛው ስለ ባሪያው ነው። ጌታው ወይም እመቤቱ በክፋት አስከሬኑን ለቀብር ከከለከሉ፣ አስከሬኑ እንዳለ ተቆጥሮ የቀብሩ ሥርዓት ይደረግለታል።

ይህን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። የዛሬ ሦስት ዓመት የአንዲት የእድራችን አባል ልጅ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ሄዳ ሞተች። ልጅቷን ባሪያ ነበረች ማለቴ አይደለም፤ በደመወዝ ተስማምታ ነው የሄደችው። ግን የሞተችው በሰው አገር፣ በሰው ቤት ነው። እናቷ አስከሬኗን የሚያስመጡበት አቅም አልነበራቸውም። ድንኳን እንድንተክልላቸው ለመኑን። ደንባችን ድንኳን የሚወጣው ለቀብር ነው ይላል። አንቀጹን ለኮሚቴው ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተከለከሉ።

ክረምት ነበር። የልጃቸውን ፎቶ ወንበር ላይ አቁመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀመጡ። ቤቱ ከስምንት ሰው በላይ አይዝም። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ዝናብ እየመታው ተራ ይጠብቃል። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ድንኳናችን ሁለት ቤት አልፎ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የእድር ኮሚቴዎች ሁሉ፣ እባካችሁ ደንባችሁን አውጥታችሁ እዩት። ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነዋል፣ ደንባችን ግን ሁሉም ሰው ሰፈሩ ውስጥ የሚሞት ይመስለዋል። እኔ ሁለት አንቀጽ አርቅቄያለሁ። አስከሬን መጣም አልመጣም ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ ይሰጥ። ልጁ ውጭ አገር ለሞተበት አባል ደግሞ ሁለት ሰው ተመድቦ ከቢሮ ቢሮ አብሮት ይሂድ፣ የታክሲውን እድሩ ይቻል። ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አቀርበዋለሁ።

እናትየዋ ዛሬም በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መዋጯቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን አዘግይተው አያውቁም። ደረሰኙን የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ።

የእድር ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ