ስለ ደረጃ ዝርዝሩ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞረውን የትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ውጤት ዝርዝር አይታችሁታል። እኔም አይቼዋለሁ። እኛ ከታች ነን። ከዚያ ወዲህ መሸኛ የሚጠይቅ ወላጅ ከቢሮዬ ደጃፍ አልጠፋም። አልቀየምም፤ ለልጁ የማይጨነቅ ወላጅ የለም።

ግን መሸኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ስሙኝ። በ2014 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ሆነ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። የሚያልፈው ልጅ ይህን ያህል ጥቂት ሲሆን፣ ሦስት አራት ተማሪ ብቻ የአንድን ትምህርት ቤት ስም ከታች ወደ መሃል ያወጣዋል።

ሰፈራችንንም ታውቁታላችሁ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ተማሪዎቻችን ከልማት ተነሺ ቤተሰቦቻቸው ጋር ከከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። ከእኛ መለየት ያልፈለጉ አሁንም ከዚያ ይመላለሳሉ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሌሊት ተነስታ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ አንደኛው ፔሬድ ካለቀ በኋላ ትደርሳለች። ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ ደብተሯን አየሁት። ፊደሉ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዷል። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ታክሲ ውስጥ ነው። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። እኛ ግን ለሳምንታት "አርፋጅ" ብለን በር ላይ አቁመናታል። በጣም አዝኛለሁ። እናቷንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

የቤተሰብ ችግርን ሰበብ አድርጌ ማምለጥ አልፈልግም። ዓምና የሂሳብ መምህር ሲለቅብን ቶሎ አልተካንም፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው የዋሉበት ቀን ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። አሁን መምህር ተመድቧል።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ቢያረፍዱም በሩ ይከፈትላቸዋል። ያመለጣቸውን ፔሬድ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ይደግሙላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል አለ፣ ክፍያ የለውም።

መልቀቅ የሚፈልግ ወላጅ መሸኛውን ያለ ምንም ማንገላታት ያገኛል። ግን መጀመሪያ አንድ ቀን ኑ፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ልጃችሁ ሲማር እዩ። በዚህ ሳምንት ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍሎቹ ክፍት ናቸው። እኔም ግቢው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ