ፈረሱን «ጋሪ» አለው

ይድረስ ለምወድሽ ለብርቄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አጀማመሬን አይተሽ እንዳትስቂ፤ ለአሥር ወር ዝምታ ሌላ መግቢያ አጣሁለት።

ያኮራረፈንን መቼም አትረሺውም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ ልጄን ናቲን ከኋላው ሁለት ሦስቴ ጠራሽው። ዝም ሲልሽ «ይሄን ልጅ አንድ ጊዜ ብታሳዪው ምን አለበት?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እያየ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ልጄን የሰደብሽው መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልክሽን ማንሳት ተውኩ። በደሌ ይኸው ነው፤ ይቅር በይኝ።

ምክንያት ግን ሞልቶልኝ ነበር። አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» ይሉኛል፤ ጎረቤቱ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል፤ እኔ ራሴ «በስምንት ወሩ የተወለደ ነው» እላለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሲሞላው ነው እንደምንም ለምርመራ ይዤው የሄድኩት።

መርማሪዋ መጀመሪያ ዕድሜውን አሰላች። የልደት ቀኑን ከክትባት ካርዱ ወስዳ ከዕለቱ ቀን ቀነሰች፤ ቀኑ አልበቃ ሲላት ከወሩ 30 ተበደረች። የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ ሒሳቡ ለእኛ የተሠራ ይመስላል፣ ጳጉሜን እስክትመጣ ድረስ! ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ የጎደሉት ሳምንታት የሚታሰቡለት ሁለት ዓመት እስኪሞላው ብቻ መሆኑንም ያኔ ነው የሰማሁት። ምክንያቴ ጊዜው ካለፈበት አራት ወር ሆኖት ኖሯል።

ምርመራው ዴንቨር ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ወጥቶ በ1992 የታደሰ ነው፤ ከልደት እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች 125 መፈተሻ ነጥቦች አሉት። ከሰው ጋር መግባባት፣ የጣት ሥራ፣ ንግግር፣ እንደ መራመድና መዝለል ያለው የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ሁሉም ለየብቻ ይታያል። ወረቀቱ ላይ ዕድሜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አግድም ሣጥን አለው፤ የሣጥኑ ቀኝ ጫፍ ከ100 ልጆች 90ዎቹ ያንን ነገር የሚችሉበት ዕድሜ ነው። ማስመሪያ አስደግፋ በናቲ ዕድሜ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ስታሰምር ሆዴ ተላወሰ። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ በስተግራ የቀረውን ነገር ካልቻለ፣ ዘግይቷል ማለት ነው።

ኩቦቹን ስድስት አድርጎ ሲደረድር እጄ እንዳይገባበት ጭኔ ሥር ቀብሬው ነበር። ኳሱንም ወረወረ፣ ዘለለም። ከዚያ ሥዕሎቹ መጡ፦ ድመት፣ ወፍ፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ሰውዬ። «ፈረሱ የታለ?» ዝም። «ወፏስ?» ዝም። ወረቀቱ ላይ «አጠራጣሪ» ብላ ጻፈች።

«ወደቀ?» አልኳት።

«እዚህ መውደቅ የለም» አለችኝ። ልጅ ሊፈራም ሊደክመውም ስለሚችል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገማል። ቀጥላ «ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የሚውለው?» ስትለኝ ክው አልኩ። የሚውለው ከአማቴ ጋር ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሲዳሙ አፎ እንጂ በአማርኛ አያናግሩትም።

በሁለተኛው ቀጠሮ አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ሽማግሌ ከፊቱ ተቀመጡ። እሳቸው ሲጠይቁት ድመቱን፣ ውሻውን፣ ወፏን በጣቱ አሳየ። ፈረሱ ጋ ሲደርስ ግን ማንም ሳይጠይቀው «ጋሪ!» አለ። እውነቱን ነው፤ እዚህ ሰፈር ያለ ጋሪ የቆመ ፈረስ የት አይቶ ያውቃል? መርማሪዋም ሳቀች። ጅማ ላይ ባለሙያዎች ይህንኑ ምርመራ ለአገራችን ልጆች እንዲስማማ ማስተካከላቸውን የነገረችኝ በዚሁ መሀል ነው።

ታዲያ እፎይ ብዬ ልነሳ ስል አስቀመጠችኝ። ሁለት ቃል የማጋጠሙ ነገር በሁለቱም ቋንቋ የለም። ሥዕል ማሳየቱ ይህን አልሸፈነውም። ዴንቨር የሚያጣራ እንጂ በሽታውን የሚናገር አይደለም ብላ፣ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ አለች።

ታየ። በሁለቱም ጆሮው ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮውን ሲያመው ከርሞ የለ! ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ስንጠራው ድምፃችን የሚደርሰው ውሃ ውስጥ ላለ ሰው በሚደርስበት መልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያን የአሞራ ገደሉን ቀን ሳስብ አደርኩ። ከኋላው ነበር የጠራሽው።

በሦስት ወር ድጋሚ ይታያል፤ ፈሳሹ ካልጠፋ ሌላ መላ አለ ብለውኛል። እስከዚያው ተንበርክኬ ዓይን ለዓይን እያየሁት ነው የማወራው፤ ጉልበቴ ሊያልቅ ነው። አማቴ በቋንቋቸው ይቀጥሉ ተብለዋል፣ ኩራታቸውን ብታዪ!

ትናንት ማታ «እማ... ውሃ» አለኝ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ ወስዶ። ይቆጠርለት አይቆጠርለት እንጃ፣ እኔ ግን ቀኑን ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ለበዓሉ ነይ። ስትመጪ ግን ከፊቱ ሆነሽ ጥሪው።

ናፋቂሽ፣
ትዕግሥት፣ ከሐዋሳ