ከጣና ላወጣችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ይሄን መልእክት ልጽፍ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ጄሶው ቢፈታም የግራ እጄ ጣቶች ገና አይታዘዙኝም፣ ደግሞ ትንሽ ጽፌ እንባዬ ይመጣና እተወዋለሁ። ለደወላችሁ፣ ቤት ድረስ ለመጣችሁ፣ በጸሎትም በዱዓም ላሰባችሁኝ ሁሉ በስም እየጠራሁ ላመስግን ብል አልዘልቀውም፣ ግን ዝም ብዬም መቀመጥ አልቻልኩም።

ላልሰማችሁ፣ ጥቅምት ላይ ጣና መሀል ካለው ከደቅ ደሴት ስንመለስ ነው ጀልባችን የተገለበጠው። ለአዲሱ ዶክመንተሪ 4 ቀን ስንቀርጽ ከርመን ነበር። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ናርጋ ሥላሴ ላይ ያረፈው ብርሃን ልቤን ወሰደውና፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ያቺ ቤተ ክርስቲያን መቼም አትጠገብም፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ቆዩኝ፣ አንዴ ብቻ" እያልኩ ሰዓቱን አሳለፍኩት። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳበት የሚያውቅ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባለጀልባውን ማንም እንዳይወቅስብኝ፣ "እንሂድ" ብሎ ሦስቴ ነግሮኛል።

ወደ ዘጌ ስንቃረብ ማዕበሉ ከጎን መታን፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ የመጣው ገለበጠን። ካሜራው፣ ድሮኑ፣ ሃርድ ዲስኩ ያለበት ቦርሳ አንድ ላይ ወረደ። ክንዴ ከጀልባው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት እንጂ ያን ሰዓት አላመመኝም።

ያወጡን ሁለት አሳ አጥማጆች ናቸው፣ በታንኳ። የደንገል ታንኳ! እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ የታሰረ ደንገል ነው፣ ውሃው በመሀሉ ሽቅብ ይመጣል፣ ግን አይሰምጥም። ታናሹ ልጅ በሆዱ ተኝቶ እጁን በብብቴ ሥር አስገባና "አይታገሉ ጋሼ፣ ዝም ብለው ይያዙኝ" አለኝ። ድምፁ እንዴት እንደተረጋጋ ልነግራችሁ አልችልም። ጎትቶ ሲያወጣኝ በፊቴ ደንገሉ ላይ ወደቅኩ፣ የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት ጉንጬ ላይ ተለጠፈ፣ እሱን በጣቴ እያነሳሁ ነው መትረፌ የገባኝ። ታላቁ ባለጀልባውን ወስዶ ነበር፣ እሱም ደህና ነው ተመስገን።

ዘጌ ዳር ላይ የጠበቁን እናቶች ደግሞ፣ እሳት አንድደው፣ ጋቢ ደራርበው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና አፍልተው፣ አንዷ እናት እግሬን በሁለት እጃቸው እያሹ "አይዞህ ልጄ" ሲሉኝ እኔ እኮ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ክንዴን ለጠገናችሁልኝ ሐኪሞችና ሌሊቱን አጠገቤ ላደራችሁ ነርሶችም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ባለቤቴን እዚህ ላይ አልጽፍም፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ እነግራታለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ግን ሰው አልነበርኩም። የሰመጠው ቀረጻ እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ጊዜ ነው ልጆቹ የመጡት፣ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ከነሱ አንዷ "ጋሼ፣ የድሮ ካሴቶችህስ የታሉ?" ያለችኝ። አልጋ ሥር፣ በካርቶን፣ ዓመታት ሳይነኩ።

ሥራውን የጀመርኩት በ1985 ነው፣ በትከሻ በሚያዝ የቪኤችኤስ ካሜራ፣ ሠርግ እየቀረጽኩ በማገኛት ብር ባዶ ካሴት እየገዛሁ። በዚያ ካሜራ ጢስ ዓባይ ወርጃለሁ፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ልቀርጽ ደረቴ ድረስ ውሃ ገብቻለሁ፣ ጎርጎራ ወደብ ላይ ጀልባ ውስጥ ካሜራውን አቅፌ አድሬያለሁ። ኤዲት ማለት ያን ጊዜ ሁለት ዴክ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻ፣ ገጥሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው፣ በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙ እየደበዘዘ። ቀጥሎ ሚኒ ዲቪ መጣ፣ ካሴቷ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ የ60 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎቶ ካሜራው ራሱ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ፣ ከዚያ ድሮን። እኔ በመጣው ሁሉ ደስ ብሎኛል፣ ደቅን ከላይ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን አንድ የሚያመኝ ነገር አለ፣ ሜሞሪ ካርድ ሲሞላ ይጠፋል ሌላ ይቀረጽበታል፣ ካሴት ግን ውድ ስለነበር አስቀምጠው ነበር፣ ስለዚህ ካለፉት 10 ዓመታት ይልቅ ከመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የተረፈኝ ይበልጣል።

ልጆቹ ካርቶኑን ሲከፍቱት ነጭ ሻጋታ ነበር። ልጅቷ አንድ ካሴት ገልብጣ አምስቱን ብሎን ፈታች፣ ክሩን በጥጥ እየጠረገች ከነጥቅሉ አውጥታ ንጹህ የካሴት ቤት ውስጥ አስገባችው፣ ትንፋሿን ይዛ። ማጫወቻው ደግሞ ከየት ይምጣ? የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ እንኳን በፈረንጆቹ 2016 መሥራት አቁሟል። የሚሠራ ዴክ ከጎንደር በአውቶቡስ የላክልኝ ወንድሜ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ ዋጋውን አልቀበልም ያልክ፣ አንተን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ካሴት ደግሞ እንደ ፋይል ኮፒ አይደረግም፣ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፣ መብራት ሲሄድ እንደገና፣ ልጆቹ በፈረቃ እያደሩ ነው የጨረሱት።

ባለፈው እሁድ ማታ ከተረፈው የተወሰነውን ዘጌ ዳር አንሶላ ሰቅለን በፕሮጀክተር አሳየን። የ1988 ካሴት ላይ ሐይቁ ዳር ንጹህ ነው፣ እንቦጭ የሚባል ስሙም አይታወቅ ነበር፣ እንጨት የጫነች አንዲት ሴት በታንኳ ስትቀዝፍ ትታያለች። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና "ያቺ እናቴ ናት፣ አቁሙልኝ" አለ። አቆምንለት። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ከላይ መስመር የሚሄድበት ምስል፣ ወደ አንሶላው ተጠግቶ ቆመ፣ ፎቶ እንኳን የላትም አለን። ያቺ ክፍል 11 ሰከንድ ናት። ያን ምሽት ደጋግመን ስናሳየው ማንም ሰው ይበቃል አላለም። ወንድሜ፣ በፍላሽ የሰጠንህን እባክህ ሌላም ቦታ አስቀምጠው።

ያወጡኝን ሁለቱን አሳ አጥማጆች "ስማችንን አትጻፍ" ስላሉኝ አልጽፍም። ብር ይዤ ሄጄ ነበር፣ እጃቸውን አልዘረጉም። ታናሹ ብቻ አፈር ብሎ ታንኳው ላይ ሆኖ ፎቶ እንዳነሳው ጠየቀኝ። በስልኬ አነሳሁትና ልላክልህ ስለው "በስልክ አይደለም ጋሼ፣ በወረቀት፣ እናቴ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው" አለኝ። ትናንት አሳጥቤዋለሁ፣ ትልቁን፣ ከነፍሬሙ። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ይዤለት እሄዳለሁ፣ ነፋሱ ሳይነሳም እመለሳለሁ።