ዝምታውን የሠራው ዩራኒየም አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዘመናዊ ሰርጓጅ የጦር መርከቦች ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ ሚሳኤላቸውና ስለ ዋጋቸው የተጻፈውን ልለፈው። «በኒውክሌር ኃይል ስለሚንቀሳቀሱ ድምፅ አያሰሙም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አልችልም። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። የኒውክሌር ኃይል መርከቡን ጸጥ አያሰኝም፤ ጸጥ የማሰኘቱን ሥራ ያከብደዋል እንጂ።

ሪአክተር፣ ማለትም የኒውክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት ክፍል፣ ፕሮፔለር አያዞርም። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት በከፍተኛ ግፊት የተያዘ ውሃን ያግላል፤ ያ ውሃ ሙቀቱን ለሌላ ውሃ አቀብሎ እንፋሎት ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ የተርባይኑ ጉልበት ደግሞ በአብዛኞቹ መርከቦች በማርሽ በኩል አልፎ ፕሮፔለሩ ዘንድ ይደርሳል። ፓምፑ፣ ተርባይኑና ማርሹ ሁሉም ይነዝራሉ፤ ንዝረቱ በመርከቡ አካል አልፎ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። በናፍጣና በባትሪ የሚሠራ ሰርጓጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን ናፍጣ ሞተሩን አጥፍቶ በባትሪው ብቻ ይሄዳል። ሪአክተር ግን እንደ መብራት አይጠፋም፤ ሥራውን ካቆመ በኋላም ነዳጁ ሙቀት ስለሚያመነጭ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2005 ጎትላንድ የተባለችውን፣ ሪአክተር የሌላትን የስዊድን ሰርጓጅ ከነሠራተኞቿ ተከራይቶ ሳንዲያጎ ድረስ ያስመጣት እኮ እንዲህ ያለውን ጸጥተኛ መርከብ ፈልጎ ማግኘትን ለመለማመድ ነበር!

ለምን እንዲህ እንደቆረቆረኝ ልናገር። ዕድሜዬን የፈጀሁት በፓምፕና በተርባይን መካከል ነው። ኩሽኔታ መበላሸት ሲጀምር እጄን ሽፋኑ ላይ አሳርፌ ንዝረቱን አውቀዋለሁ፤ ዘንጉ ከመስመሩ በፀጉር ስፋት ሲዛነፍ ብሎኖቹ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ማሽን ሲጮህ ሁሉም ይጠራናል፤ ጸጥ ሲል ግን ሠራተኛ እንደነበረው የሚያስታውስ የለም። የእናንተም ዘገባ ሳይንቲስቱን፣ አድሚራሉንና ፖለቲከኛውን አንድ በአንድ ጠርቶ፣ ያንን ጸጥታ በእጁ የሠራውን ባለሙያ ሳያነሳ አለቀ።

ጸጥታው እኮ ተሠርቶ የመጣ ነው። ተርባይኑና ማርሹ በቀጥታ ከመርከቡ አካል ጋር አይታሰሩም፤ ንዝረት በሚውጡ ድጋፎች ላይ በተቀመጠ ትልቅ መደብ ላይ ያርፋሉ። የውጩ አካል ድምፅ በሚያፍን ጎማ መሰል ንጣፍ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረችው የአሜሪካዋ ናርዋል የሪአክተሯ ውሃ ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች በራሱ እንዲዘዋወር ሆና ስለተሠራች፣ በዝግታ ስትሄድ ትልልቆቹን ፓምፖች ማሠራት አያስፈልጋትም ነበር። እንደ አሜሪካው ቨርጂኒያና እንደ ብሪታንያው አስቱት ባሉት ዘመናዊ ሰርጓጆች ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩ በቱቦ መሰል ሽፋን ውስጥ እንዲሽከረከር ተደርጓል።

የቶሺባን ጉዳይ ዘጋቢያችሁ ሰምቶ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1987 የጃፓኑ ቶሺባ ማሽንና የኖርዌዩ ኮንግስበርግ በዘመኑ የነበረውን የንግድ እገዳ ጥሰው ለሶቪየት ኅብረት ትልልቅ የብረት መቅረጫ ማሽኖችና መቆጣጠሪያቸውን መሸጣቸው ይፋ ወጣ። ማሽኖቹ የሰርጓጅ ፕሮፔለርን ጠመዝማዛ ክንፍ በጥራት የሚያወጡ ነበሩ። ዋሽንግተን ተናወጠች፤ የምክር ቤት አባላት በካፒቶል ፊት ለፊት የቶሺባን ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። ሶቪየቶች መርከቦቻቸውን ጸጥ ማድረግ የጀመሩት ከዚያ በፊት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሁለቱ ኃያላን የተጣሉት በዩራኒየም ሳይሆን ክንፍ በሚቀርጽ ማሽን ነበር። ዩራኒየሙማ ሁለቱም ዘንድ ሞልቶ ነበር።

ሪአክተር ብቻውን ጸጥታ ቢሰጥ ኖሮ፣ ምዕራባውያን አልፋ ብለው የሰየሙት የሶቪየት ሰርጓጅ ባልተሰማ ነበር። አካሉ ቲታኒየም፣ ፍጥነቱ ከ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ፤ በሙሉ ኃይሉ ሲገሰግስ ግን ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ሪአክተርን ማናናቄ አይደለም። የሚሰጠው ትልቅ ነገር አለ፤ ጽናት። የቨርጂኒያ ሪአክተር መርከቡ በሚያገለግልበት 33 ዓመት ገደማ ነዳጅ እንዳይቀየርለት ታስቦ የተሠራ ነው። ባትሪ ለመሙላት አየር ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት የለም፤ ኦክስጅኑም ከውሃ ይመረታል። ጉዞውን የሚገድበው የሠራተኞቹ ስንቅ ነው። ይህንን ብትጽፉ ኖሮ እጃችሁን በጨበጥኩ።

ከዚህ በፊትም ስለ ሌሎች ዘገባዎቻችሁ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። አሁንም በዘገባው ራስ ላይ ያወጣችሁት ሥዕል ጀርባው ላይ የባሊስቲክ ሚሳኤል ክዳኖች የተደረደሩበት፣ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ሰርጓጅ ነው። ሥዕሉን ቀይሩ። ዓረፍተ ነገሩንም ማንም ሳያይ በስውር ሳይሆን፣ ማረሚያ ብላችሁ ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ አርሙ። ለቀጣዩ ዘገባም ከአድሚራሉ በፊት አንድ የተርባይን መካኒክ ጠይቁ።

አንድ የተርባይን መካኒክ