በጨሞጋ ወንዝ ስለተተከለው ዳታ ሎገር የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለዳታ ሎገሩ አቅራቢ ድርጅት

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ ኬብልና ሴቲንግ ምክንያት ስለጠፋ መረጃ

ከድርጅታችሁ ተገዝቶ በባለሙያችሁ በጨሞጋ ወንዝ ላይ የተተከለው ዳታ ሎገር (የወንዙን ውኃ ከፍታ በየጊዜው እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ) ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መመዝገብ ጀምሯል። መረጃው ግን እስከ መስከረም 30 ድረስ ሊገለበጥ አልቻለም። ሲገለበጥም የሰኔ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት የሉበትም። ሎገሩ ራሱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ያለው አብሮት በተላከው ኬብልና በሴቲንጉ ላይ ነው።

መረጃውን ወደ ላፕቶፕ የሚገለብጠው ሶፍትዌር ክረምቱን ሙሉ «መሣሪያው አልተገኘም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የድጋፍ ክፍላችሁም «ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ» ከማለት አላለፈም። ድራይቨሩ (ላፕቶፑን ከውጭ መሣሪያ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ጥፋተኛ አለመሆኑን ለማወቅ ግን አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። መቀየሪያውን (የላፕቶፑን ዩኤስቢ ከሎገሩ ኬብል ጋር የሚያገናኘውን) ከሎገሩ ነቅሎ በባለ 9 ፒኑ ጫፍ ላይ 2ኛውንና 3ኛውን ፒን በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ በተርሚናል ፕሮግራም (የተጻፈውን ራሱ እንዳያሳይ አድርጎ) አንድ ፊደል መጻፍ ነው። ፊደሉ ተመልሶ ከታየ ላፕቶፑም፣ ድራይቨሩም፣ መቀየሪያውም ይሠራሉ። በእኛም ፊደሉ ተመልሷል። ቀጥሎ ኬብሉ በመልቲሜትር ሲለካ በሁለቱ ጫፎቹ ፒን 2 ከ2፣ 3 ከ3 የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ሎገራችሁ ልክ እንደ ላፕቶፑ በ3ኛው ፒን ይልካል፣ በ2ኛው ይቀበላል፤ በዚህ ኬብል ሁለቱም በአንድ ሽቦ ላይ ይናገራሉ፣ በሌላኛው ሁለቱም ያዳምጣሉ። 2 ከ3፣ 3 ከ2 ተሻግሮ፣ 5ኛው እንዳለ ሲቀር፣ ሎገሩ በሴኮንድ 9600 ቢት ፍጥነት ወዲያው መለሰ።

መዘግየቱ ብቻ ቢሆን መረጃው አይጠፋም ነበር። ውላችን በየ15 ደቂቃው እንዲመዘገብ ይላል፤ ባለሙያችሁ የሞላው ግን 5 ደቂቃ ነው። ይህም በቀን 288፣ በ125 ቀን 36,000 ምዝገባ ይሆናል። ሜሞሪው የሚይዘው 32,000 ነው፤ ሲሞላ አይቆምም፣ ዞሮ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። የጠፉት 4,000ዎቹ በዚህ ነው። በ15 ደቂቃ ቢሆን 12,000 ብቻ ይሆን ነበር።

እነዚያ 14 ቀናት ማሳው ታርሶ ገና በሰብል ያልተሸፈነበት፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ደለል የሚበዛበት ጊዜ ነው። የደለል ናሙናው ተቀድቶ ተቀምጧል፤ የውኃው ከፍታ ከሌለ ግን ስንት ቶን አፈር እንደታጠበ ማስላት አይቻልም። ይህ በጣም አሳዝኖናል።

ሌላም ችግር አለ፦ ሶፍትዌሩ በተገናኘ ቁጥር ሳይጠይቅ የሎገሩን ሰዓት ከላፕቶፑ ጋር ያስተካክላል። ላፕቶፑ በአገራችን ሰዓት የተሞላ ከሆነ መዝገቡ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዚያው ቀን ሰዓታትም ሁለት ጊዜ ይመዘገባሉ።

ሌላ መረጃ የተጻፈበት አሮጌ መረጃ እንደማይመለስ ስለምናውቅ እሱን አንጠይቅም። የምንጠይቀው የተሻገረ ኬብል በእናንተ ወጪ እንዲላክ፣ የፒኖቹ ሥዕል በመመሪያው እንዲገባ፣ ሶፍትዌሩ ሰዓት ከመቀየሩ በፊት እንዲጠይቅ፣ ባለሙያችሁም መጥቶ ሴቲንጉን እንደ ውሉ እንዲያስተካክል ነው። ይህንኑ ኬብል የወሰዱ ሌሎች ደንበኞች ካሉ ሜሞሪያቸው ሳይሞላ ዛሬውኑ ይነገራቸው። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የመለኪያ ጣቢያው ባለሙያዎች