በሰንሰለት የተወሰደ ሰው ስደተኛ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በውጭ ዜና ገጻችሁ ስለ አሜሪካ የስደተኞች ክርክር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ብዙው ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጥቁሮቹን ጨምሮ አሜሪካዊ ሁሉ የስደተኛ ልጅ ነው ይላል። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የእናንተ ፈጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ለአዳዲስ ዜጎች ሲናገሩ፣ ያለ ፈቃዳቸው የመጡት አፍሪካውያንም በራሳቸው መንገድ ስደተኞች ነበሩ ብለዋል። ቤን ካርሰንም እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የቤቶች ሚኒስትር እንደሆኑ፣ በባሪያ መርከብ ሆድ ውስጥ ስለመጡ «ሌሎች ስደተኞች» አወሩ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ የተናገሩትም ለማክበር ነው። እኔ ግን አልስማማም።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ለዓመታት በየጥቅምቱ ለሰው ዲቪ ሞልቻለሁ። ፎርሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ነው። ከዚያ የትውልድ ቀን፣ የተወለዱበት ከተማ፣ ፎቶ። የትዳር ጓደኛን እና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በሙሉ ያላስመዘገበ ሰው ዕድሉ ደርሶትም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «እህቴ፣ የቀረ ልጅ የለም አይደል?» እያልኩ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ስደተኛ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ከነስሙ፣ ከነቤተሰቡ፣ ልሂድ ብሎ የጠየቀ ሰው።

በባርነት የተወሰዱትን ሰዎች መዝገብ ደግሞ እዩት። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራዎች ባሮች የሚመዘገቡት ለብቻው በተዘጋጀ ቅጽ ነበር። የጌታው ስም ይጻፋል። ከሥሩ የባሪያው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። የራሱ ስም በአብዛኛው የለም። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተው ይሸጡ ነበር። ታሪክ አጥኚዎች እንደሚገምቱት በአትላንቲክ መርከቦች ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን ወደ 1.8 ሚሊዮኑ ባሕር ላይ አልቀዋል። የትኛው ፎርም ላይ ፈርመው?

አባባሉ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ሰው ይጎዳል። «ሁላችንም ባዶ እጃችንን መጣን፤ አይሪሹም ጣልያኑም ሠርቶ ተለወጠ፤ አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ወደሚል ወቀሳ ይወስዳል። የ1790 የዜግነት ሕግ በሩን የከፈተው ለነጻ ነጮች ብቻ ነበር። አይሪሹ ዜጋ መሆን ይችል ነበር። ጥቁሩን ግን፣ አያቱም እዚያው ተወልዶ እያለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1857 ነጻነቱን ፈልጎ በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ዜጋ ልትሆን አትችልም ብሎ ፈረደበት። ባሪያ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለው በ1808 ነው። የስደተኞች መቀበያ የሆነው ኤሊስ ደሴት በ1892 ሲከፈት እኮ አብዛኛዎቹ ጥቁር ቤተሰቦች አሜሪካ ውስጥ ትውልድ ተክተዋል።

እኛ ጎንደሮች ይህ ሊጠፋን አይገባም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባርነት የተያዙ ሰዎች በዚህ አገር በኩል ወደ መተማና ወደ ሱዳን ይነዱ ነበር። ዛሬ በዚያው በመተማ መንገድ ወጣቶቻችን ይሰደዳሉ። ደላላ ያታልላቸዋል፣ ብዙ መከራም ያያሉ። ቢሆንም ልሂድ ብለው የተነሱት ራሳቸው ናቸው። ያኔ ታስረው የተነዱትን ግን ከጎንደር የተሰደዱ ብሎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ደግሞም ውለታ አለብን። አሜሪካ ስደተኛን በትውልድ አገሩ እየለየች የምትገድብበትን ኮታ የሻረችው በ1965 ነው፤ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ። ያ ሁሉ የመጣው ጥቁር አሜሪካውያን አደባባይ ወጥተው፣ በፖሊስ ውሻ ተነክሰው፣ ታስረው ባካሄዱት ትግል ዘመን ነው። እኔ ፎርም የሞላሁላቸው የጎንደር ልጆች የገቡት በዚያ በር ነው።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለነሱ ስትጽፉ «በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ልጆች» በሉ። ቦታ ከጠበባችሁ «ጥቁር አሜሪካውያን» ይበቃል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ ፒያሳ