ፔሌቱ ለምን ዘገየ? ዋጋውስ ለምን ጨመረ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን እረፍት የለውም። ያዘዛችሁት የእንጨት ፔሌት (ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራው የማገዶ እንክብል) በቀኑ አልደረሰም። አዲስ ያዘዛችሁ ደግሞ የዋጋውን ጭማሪ ሰምታችሁ ደነገጣችሁ። አብዛኞቻችሁ በትህትና ጠየቃችሁን። አንዳንዶቻችሁ ግን «ሰጋቱራ ጨምቃችሁ በወርቅ ዋጋ ትሸጣላችሁ» አላችሁን። ይቺ ንግግር ከንክናኛለች፤ አልደብቃችሁም። ለተጉላላችሁ ሁሉ ከልብ ይቅርታ። ውሳኔውን የወሰንኩት ግን አስቤበት ነውና ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የነገሩ ሁሉ ሥር ውሃ ነው።

ከመሰንጠቂያ የወጣ ትኩስ ሰጋቱራ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ሲያዩት ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የተጠናቀቀ ጥሩ ፔሌት ደግሞ እርጥበቱ ከ10 ከመቶ መብለጥ የለበትም። እስቲ አብረን እናስላ። 1 ቶን ፔሌት ውስጥ 900 ኪሎ ደረቅ እንጨትና 100 ኪሎ ውሃ አለ እንበል። ያን 900 ኪሎ ለማግኘት 1800 ኪሎ እርጥብ ሰጋቱራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቶን 800 ኪሎ ውሃ ማትነን አለብን። ይሄ በደህናው ጊዜ ነው።

ዝናብ ሲበረታ ያው ሰጋቱራ 60 ከመቶ ውሃ ይዞ ይመጣል። «ታዲያ ልዩነቱ 10 አይደል?» ትሉ ይሆናል። ስሌቱን ድገሙት። አሁን የምናስገባው 2250 ኪሎ ነው፤ የምናተነው ውሃ ደግሞ 1250 ኪሎ። የምናገኘው ያችኑ 1 ቶን! ማድረቂያችን አንድ ነው። ማድረቂያውን የምናግለው በቅርፊትና በቁርጥራጭ እንጨት ነው፤ እሱም በዝናብ ርሷል። ሰዓቱ ይረዝማል፣ ማገዶው ይበዛል፣ የሚወጣው ፔሌት ግን ያንሳል። መዘግየቱም ጭማሪውም ከዚህ ነው የመጣው።

«እሳቱን ጨምሩበት» ያለኝ ደንበኛ አለ። እሳቱ ሲበዛ ደቃቁ ብናኝ ይቃጠላል፤ ትልልቁ ፍቅፋቂ ግን ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። በማድረቂያ ውስጥ የሚነሳ እሳት በዚህ ሥራ የታወቀ አደጋ ነው። በሠራተኞቼ ሕይወት አልቀልድም።

«በፀሐይ አድርቁት» ያላችሁኝም ብዙ ናችሁ። እኛም ስንጀምር እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ሸራ ላይ በስሱ አስጥተን፣ ቶሎ ቶሎ እያገላበጥን፣ ደመና ባየን ቁጥር እየሮጥን እንሰበስብ ነበር። ለትንሽ ሥራ ይሆናል። ግን አንድ ሌሊት በጤዛ ያደረ ሰጋቱራ የቀኑን ድካም ገደል ይከተዋል። መሬት ላይ ከተሰጣ ደግሞ አሸዋ ይቀላቀልበታል። አሸዋ የማሽኑን ብረት ይበላል። እናንተም ቤት ምድጃው ውስጥ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ጥሩ ፔሌት ሲነድ የሚተወው አመድ ከ1 ከመቶ በታች ነው። አሸዋ የገባበት እንዲህ አይሆንም።

ሌላው ጥያቄ «ትንሽ እርጥብ ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

እንጨት ውስጥ ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ማጣበቂያ አለ። የማሽኑ ሮለር (ተንከባላዩ ብረት) ሰጋቱራውን በዳዩ (ቀዳዳ በበዛበት ወፍራም ብረት) ጠባብ ቀዳዳዎች ሲገፋው በፍትጊያው ይግላል። ያኔ ሊግኒኑ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጠነክራል። ሙጫ የምንጨምር የሚመስላችሁ አላችሁ፤ አንጨምርም። ሰጋቱራው እርጥብ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ፔሌቱ ከቀዳዳው ሲወጣ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ ዳዩን ይደፍነዋል። መሃል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። ለዚህ ነው ከማድረቂያ የወጣውን በግምት የማንቀበለው። አንድ እፍኝ እንመዝናለን፤ 105 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እናስገባዋለን፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንደገና እንመዝናለን። የጎደለው ውሃ ነው። ቁጥሩ ካልወረደ ማሽኑ አይነሳም።

ልዩነቱን ራሳችሁ እዩት። ጥሩው ፔሌት ላዩ ያብለጨልጫል፤ ስትሰብሩት ቀጭ ይላል። መጥፎው ላዩ ደብዛዛ ነው፤ በሁለት ጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ወደ ምድጃው የሚያስገባውን መስመር ይዘጋል፣ እሳቱን ያዳክማል፣ ጥላሸት ያበዛል። ውሃውም እስኪተን ድረስ ከሙቀታችሁ ይቀማችኋል። ያን ሸጬላችሁ ቢሆን ዛሬ የምትወቅሱኝ በመዘግየት አይሆንም ነበር።

ስለ ዋጋው ደግሞ ይሄን ልጨምር። ሥራውን ስንጀምር ሰጋቱራ ቆሻሻ ነበር። አናጺዎቹ «ኑና አንሱልን» እያሉ ይለምኑን ነበር፤ ስናነሳላቸውም ያመሰግኑን ነበር። ዛሬ ተሰልፈን ነው የምንገዛው። ለከብት ማደሪያ የሚያነጥፈው ይፈልገዋል፤ ጣውላ ከብናኝ የሚጋግረውም ይፈልገዋል። ዳይና ሮለሩ በየጊዜው ይበላሉ፣ ይቀየራሉ። መብራቱም ከረጢቱም ጭነቱም ጨምሯል። እስከ ዛሬ ጭማሪውን ከኪሴ ስችለው ከረምኩ። ከዚህ በላይ ብሞክረው ማምረቻው ይዘጋል። አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ግን ሳንቲም አትጨምሩም፤ ቃል ቃል ነው።

አንድ የቆየ ደንበኛችን ርካሽ አግኝቼ ሄድኩ ብሎኛል። መብቱ ነው። ግን ገና ማሽናችን በየሳምንቱ በሚበላሽበት ጊዜ ታግሶ የጠበቀን ሰው ስለነበር ሆዴን አልቆረጠውም አልልም።

የመለሳችሁልን ከረጢቶችም አሉ፤ «ተፈርፍሯል» ብላችሁ። ከፍተን አየናቸው። ከታች ያሉት አብጠዋል፣ ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ይሄ ከወለል የመጣ እርጥበት ነው። ለዚህኛው ጊዜ ቀይረንላችኋል። ከእንግዲህ ግን እባካችሁ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ እንጨት ደልድሉለት። ከግድግዳም ትንሽ አርቁት። የተከፈተ ከረጢት አፉን እሰሩት። ፔሌት ውሃ ካገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ሰጋቱራ ነው። ደጅ በሸራ ሸፍኖ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ሸራው ሥር የሚጠራቀመው ላብ ይበቃዋል። እኛም ትኩሱን ፔሌት ሳናቀዘቅዝ ከረጢት ውስጥ የማንከተው ለዚሁ ነው።

በብዛት ወስዳችሁ በዝግ ክፍል የምታከማቹ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የተከማቸ ፔሌት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። በሌሎች አገሮች ፔሌት ማከማቻ ገብተው በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ክፍሉ አየር መውጫ ይኑረው። ሳትከፍቱና በደንብ ሳታናፍሱ ማንም አይግባ፤ በተለይ ልጆች።

አሁን ያለንበት ይሄ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ጥሬ ዕቃው ይሻሻላል፤ ለቀጣዩ ጊዜም ደረቁን ሰጋቱራ የምናከማችበት ጣሪያ ያለው መጋዘን እየሠራን ነው። እስከዚያ የምናደርሰው በትዕዛዝ ተራ ነው። አዲስ ደንበኛ አንቀበልም፤ ቅድሚያ ለእናንተ። ተራችሁ እስኪደርስ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ የምትፈልጉ ደውሉልን፤ እንነግራችኋለን። ትዕዛዛችሁን መሰረዝ ከፈለጋችሁም ገንዘባችሁ ሳይሸራረፍ ይመለሳል፤ ቅር አንሰኝም። ብትጠብቁን ግን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፔሌት ማምረቻው ባለቤት